በጅግጅጋ ያር መውደቅን ሳስተምር

አቡዳቢ የሄድኩት ለስፖርት አልነበረም። ድሬዳዋ ከአባቴ ጋር ሶፋ እሠራ ነበር፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ አንድ የአጎቴ ልጅ ቪዛ ላከልኝና ሄድኩ። የተቀጠርኩት በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ነው። ከሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የብራዚል ጂዩ ጂትሱ ማሠልጠኛ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰማያዊ ማት የተነጠፈበት ሰፊ አዳራሽ። የኔ ድርሻ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ማቱን በመድኃኒት መወልወል ነበር። ላብ አለ፣ ፀጉር አለ፣ አንዳንዴም የደም ጠብታ አለ። ወልውዬ ስጨርስ ቀጣዮቹ ይገባሉ፤ እነሱ እስኪጨርሱ መወልወያዬን ይዤ ጥግ ላይ እቆማለሁ። ስቆም አያለሁ።

መጀመሪያ ላይ የማየው ነገር ያስቀኝ ነበር። ጎልማሳ ወንዶች ወፍራም ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በቀበቶ አስረው፣ መሬት ላይ ተያይዘው ይንከባለላሉ። ቡጢ የለም፤ እርግጫ የለም። አንዱ የሌላውን ክንድ ወይም አንገት ይይዝና ያጠብቃል፤ የተያዘው መላወሻ ሲያጣ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ያኔ ወዲያው ይለቀቃል። ከዚያ ተነሥተው ይጨባበጣሉ። ሰው አንቆህ ሲያበቃ እጁን መጨበጥ ምን ዓይነት ነገር ነው እያልኩ ሳምንታት አለፉ፤ ሳላውቀው ግን የትኛው እንደሚያሸንፍ አስቀድሜ መገመት ጀምሬ ነበር። ብዙ ጊዜም ይሳካልኝ ነበር።

አሠልጣኙ ብራዚላዊ ነው። አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ፣ ጆሮዎቹ በትግል ብዛት እንደ ቴምር የተጨማደዱ ሰው። እንግሊዝኛውንም ዓረብኛውንም በራሱ መንገድ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን የሠልጣኞቹ ቁጥር ጎደሎ ሆነና አንዱ ጥንድ አጣ። አሠልጣኙ ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«አንተ፣ ጫማህን አውልቅ።»

«እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ማቱን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። ና።»

የተሰጠኝ ጥንድ አንድ ቀጭን የባንክ ሠራተኛ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጫማው ውስጥ አስቀመጠ። እኔ ሶፋ በጀርባዬ ደረጃ ሳወጣ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እንዳልጎዳው ፈራሁለት። ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ አንገቴ ሥር ገብቶ ዓይኔ ጨለመ። መታ መታ ማድረግ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ አሠልጣኙ ሲጮህብኝ ነው። ባንከኛው ለቀቀኝ፤ እጄን ይዞ አስነሣኝ፤ ጨበጠኝ። መነጽሩን እያደረገ «ነገም ትመጣለህ አይደል?» አለኝ። በዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ ከሥራ ውጭ የሆነ ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስወጣ ሌላው ወደ ማደሪያው ሲሄድ እኔ እዚያው እቀራለሁ። አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ ሠልጣኝ ልብሱን ተወልኝ፤ እጅጌው ያጥረኝ ነበር፣ ግን ለብሼ በመስታወት ሳየው ሌላ ሰው መሰልኩ። በዚህ ስፖርት ነጭ ቀበቶ የጀማሪ ነው፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ዓመታት ይወስዳል። ሰማያዊውን ካሰርኩ በኋላ መወዳደር ጀመርኩ። የመጀመሪያ ግጥሚያዬን ላቤ ሳይወጣ ተሸነፍኩ፤ ሁለተኛውንም ተሸነፍኩ። ፈሪ ተወዳዳሪ ነበርኩ፤ ግጥሚያ ባለበት ቀን ቁርስ አይወርድልኝም። ግን ዳኛው «ጀምሩ» ሲል ፍርሃቱ የት እንደሚገባ አላውቅም። አንዴ የተጋጣሚዬ ኮሌታ እጄ ውስጥ ከገባ በኋላ ዓለም ሁሉ ጸጥ ይልልኛል። ማሸነፍ ስጀምር የሕንፃው የጽዳት አለቃ፣ ጥብቅ የነበረው ሰውዬ፣ ሜዳሊያዬን ተቀብሎ የመወልወያ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለው። «የክፍላችን ነው» አለ።

ቡናማ ቀበቶ በታሰረልኝ ዓመት በአንድ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጉልበቴ ጧ አለ። ድምፁን እኔ ብቻ ሳልሆን ዳኛውም ሰምቶታል። ክሊኒክ ተኝቼ እግሬን ሲያጥፉልኝ አቃሰትኩ፤ ሳላስበው በአማርኛ ነበር ያቃሰትኩት፤ «እናቴ ድረሽ!» ብዬ። ከመጋረጃው ወዲያ የአንዲት ሴት ድምፅ «ኧረ ወንድሜ፣ እናትህ ከዚህ ሆነው አይሰሙህም» አለኝ፤ በጠራ የድሬ አማርኛ። የፊዚዮቴራፒ ረዳት ነበረች። የተወለደችው ሐርጌሳ ነው፤ በሕፃንነቷ ቤተሰቧ በጦርነቱ ተሰዶ ድሬዳዋ ስላደገች ሶማልኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች። እኛ ቤት ካለበት ሰፈር ሁለት መንገድ ወዲያ ነው ያደገችው። እዚያ አንድም ቀን ሳንተያይ አቡዳቢ ላይ ጉልበቴን ይዛ አስሬ «እጠፍ፣ ዘርጋ» ስትለኝ ከረመች። በዓመቱ ኒካሕ አሰርን።

ሐርጌሳ የመጣነው ወደዚያ ተመልሰው ይኖሩ የነበሩት የባለቤቴ እናት ስለታመሙ ነው። «ስድስት ወር» ብለን ነበር። እናቷ አልሐምዱሊላህ ዳኑ፤ እኛ ግን አልተመለስንም። እኔ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር በአንድ የመጅሊስ ወርክሾፕ ሥራ አገኘሁ። ሐርጌሳ ላይ ሰው እንግዳ የሚያስተናግደው መሬት ላይ በሚዘረጋ ወፍራም የመጅሊስ ፍራሽና መደገፊያ ስለሆነ የሶፋ ሙያዬ እንዳለ ጠቀመኝ። ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ፣ እሰፋለሁ። ሰውነቴ ግን ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ከሰዓት በኋላ የተቆረጠ ስፖንጅ ላይ ስተኛ ሳላስበው ወደ ጎን እንከባለላለሁ። አንድ ቀን የወርክሾፑ ባለቤት አይቶኝ «ጀርባህን አመመህ እንዴ?» አለኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ማት እኮ ስፖንጅ ነው» አልኳት። «ጠንካራውን ስፖንጅ ከሥር፣ የመኪና ሸራ ከላይ። እኔ መሥራት እችላለሁ።»

«ማቱን ትሠራለህ። ሰውስ?»

«ሰው ይመጣል።»

«ካልመጣ?»

«ካልመጣ መጅሊስ አድርገን እንሸጠዋለን።»

ይሄኛው መልስ አሳመናት።

ቦታ ፍለጋ ስዞር ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አገኘሁ። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና አቅልመው፣ ከዘራ ይዘው፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። በሶማልኛ ሰላም ብያቸው ስንተባተብ በአማርኛ መለሱልኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በበርበራና በድሬዳዋ መካከል ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድሬ ላይ የማያውቁት ጋራዥ የለም። የአባቴንም ሱቅ ያውቁታል። እዚህ ታላቅ ሰው ሲጠራ «አዴር» ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነው የምጠራቸው።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አሉኝ።

«ስፖርት ነው፣ አዴር። ትግል።»

«ካራቴ?»

«አይደለም። ካራቴ ይማታል፤ ይሄኛው ይዞ መሬት ላይ ያስተኛል።»

«እንደ ፖሊስ?»

«ከፖሊስ ትንሽ ይሻላል።»

ሳቁ። «እኔ ሁለት ነገር አልወድም» አሉ። «ሙዚቃ አልወድም፤ በሶላት ሰዓት ጩኸት አልወድም። ከነዚህ ሌላ እንደፈለግህ ሁን።» ቁልፉን ሰጡኝ።

ማቱን በወር ከአሥር ቀን ሠራሁት። ዋሄን ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ የአቡዳቢውን ልብሴን ፈትቶ አየና ከወፍራም አቡጀዲ አስመስሎ ሰፋልኝ፤ ሱሪው ላይ ኪስ ጨምሮበት ነበር፣ አስነቀልኩት። የመጀመሪያ ተማሪዎቼ አራት ናቸው። አንዱ ዋሄን ውስጥ ዕቃ የሚሸከም፣ ሼክ ኑር ሰፈር የሚኖር የሐረርጌ ሰው፤ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ አራተኛው ፀጉር ቆራጭ። ተሸካሚው ሲይዝህ አይለቅህም፤ ኩንታል የለመደ እጅ ነው። ግን ተያዝኩ ብሎ መታ መታ ማድረግ አሻፈረኝ አለ።

«እጅ መስጠት ነው» አለኝ።

«እጅ መስጠት አይደለም፤ ‹አንዴ እንደገና እንጀምር› ማለት ነው» አልኩት። ይሄን ቃል ያኔ ነው ያመጣሁት፤ እስከ ዛሬም ለአዲስ ሰው እንደዚያው ነው የምለው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ወሬ ተነሣ። የመጋዘኑ መስኮት ወደ መንገድ ስለሚያሳይ አላፊ አግዳሚው ይቆማል፤ ያያል፤ ያየውን ሄዶ ያወራል። ወንዶች ተቃቅፈው መሬት ላይ ይንከባለላሉ ተባለ። የባዕድ እምነት ያስተምራል ተባለ። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ አንዱን እናቱ ከለከሉት፤ ሁለተኛው ጓደኛውን ተከትሎ ቀረ። አንድ ጎረቤት ቤት አከራዬ ዘንድ ሄዶ «አስወጣው» እንዳላቸው ሰማሁ። በማግስቱ ቁልፉን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አዴር መጡና «እኔ በሰው ዓይን አላይም» አሉ። «ሐሙስ ከዓስር ሶላት በኋላ የመስጊዳችንን ሼክ ይዤ እመጣለሁ። እንደ ወትሮህ አሠልጥን፤ አታሳምር።»

ያንን ሐሙስ ግጥሚያ እንዳለብኝ ሰው ምሳ አልበላሁም። ሼኩ ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ማቱን በእግራቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ባለቤቴ አስተርጓሚ ሆና በር አጠገብ ቆመች።

«አንዱ ለሌላው ይሰግዳል?» ብለው ጠየቁ። በብዙ ቦታ ማት ላይ ሲገቡና ሲወጡ ጎንበስ የሚሉበት ልማድ አለ፤ እኔ ግን አቡዳቢ እያለሁም አላደረግሁትም።

«የለም። እንጨባበጣለን፤ አሰላሙ ዓለይኩም እንባባላለን።»

«ፊት ትመታላችሁ?»

«ምንም አንመታም።»

«ልብሱ ዓውራን ይሸፍናል?»

«ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት።»

ተቀመጡና አንድ ሰዓት ሙሉ አዩ። ተሸካሚው ፀጉር ቆራጩን ሲይዘው፣ ፀጉር ቆራጩ በዳሌው ሾልኮ ሲያመልጥ፣ ደጋግሞ ሲያመልጥ። ሲጨርሱ ሼኩ ነቢያችን ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም ራሳቸው ከአንድ ብርቱ ሰው ጋር ታግለው እንደጣሉት የሚነገረውን አነሡ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ «መጋረጃ አድርግበት» አሉኝ። «የማያውቅ ሰው ግማሹን አይቶ ይሄዳል።» በቃ ይሄው ነበር። መጋረጃውን ከወርክሾፑ ቁርጥራጭ ጨርቅ በዚያው ሳምንት ሰፋሁት። ከሁለቱ ተማሪዎች እናቱ ያልከለከሉት ተመለሰ።

አዴር ግን ከዚያ በኋላ አልቀሩም። ወንበራቸውን ከበር ወደ ውስጥ አስገቡትና በየቀኑ ከዓስር በኋላ ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሦስት ሳምንት ያህል ዝም ብለው አዩ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጠሩኝ።

«መጀመሪያ ላይ የምታሠራቸው፣ ወደ ኋላ የሚወድቁት፣ ለምንድን ነው?»

«ሰው ሲጥላቸው እንዳይጎዱ ነው። አገጭን ደረት ላይ ማጣበቅ፣ ጀርባን ክብ ማድረግ፣ መሬቱን በክንድ መምታት። ጭንቅላት መሬት እንዳይነካ።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ወንድሜ ባለፈው ዓመት መስጊድ ለሶላት ውዱእ ሊታጠብ ገብቶ ተንሸራተተ» አሉ። «ዳሌው ተሰበረ። እኔን የሚበልጠኝ በሁለት ዓመት ነበር። ከአልጋ አልተነሣም፤ አላህ ይማረው።» ከዚያ «የሁለት አገር ተራራ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ፍሬን በጥሶብኝ ያውቃል፤ ያኔ አልፈራሁም። አሁን መታጠቢያ ቤት ስገባ እፈራለሁ። አስተምረኝ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁም። «አዴር፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆችዎ ምን ይሉኛል?»

«ልጆቼን እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ አስተምር።»

ባለቤቴን አማከርኳት፤ ሽማግሌ ማንቀሳቀስ የሷ ሙያ ነው። መጀመሪያ ራሷ አየቻቸው፤ ቆመው እንዴት እንደሚራመዱ፣ ከወንበር እንዴት እንደሚነሡ። ከዚያ «ከተኙበት ጀምር፤ ለሁለት ሳምንት እንዳታስቆማቸው» ብላ ፈቀደች። በጀርባቸው ተኝተው አገጫቸውን ማንሣት ብቻ ተለማመዱ። ቀጥሎ ከመቀመጥ ወደ ኋላ መጋደም፤ እኔ እጄን ከራሳቸው ሥር አድርጌ። ወፍራሙን የመጅሊስ ፍራሽ ከማቱ ላይ ደረብኩላቸው። የመጀመሪያውን ቀን ክንዳቸው መሬቱን ሲመታ ጧ ያለው ድምፅ ራሳቸውን አስደነገጣቸው፤ ቀጥሎ አሳቃቸው፤ ቀጥሎ «እንደገና» አሉ። ሻያቸው ቀዘቀዘ። በወሩ ቁጢጥ ካሉበት፣ በሦስተኛው ወር ግድግዳ ተደግፈው ከቆሙበት ይወድቁ ነበር።

ብቻቸውን አልቆዩም። አንድ የሰፈር ጡረተኛ መምህር ይዘው መጡ፤ ቀጥሎ ሁለት ወንድማማች ነጋዴዎች፤ ቀጥሎ እኔ የማላውቀው ሰው ይዞ የመጣው ሌላ ሰው። ሱሪያቸው ላይ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ መነጽራቸውንና መቁጠሪያቸውን መስኮቱ ጥግ ላይ ደርድረው ይገባሉ። እየወደቁ ያወራሉ፤ እያወሩ ይከራከራሉ። የወጣቶቹ ሰዓት ሲደርስ ማስወጣቱ ነው ጣጣው።

በዝናቡ ወቅት አንድ ዓርብ ባለቤቴ ስልክ ተደውሎላት ስትሮጥ መጣች። አዴር መስጊድ በር ላይ ወድቀዋል። ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ እሳቸው መሃል ላይ፣ ጭቃ የለበሰ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቁጭ ብለው አንድ ወጣት ላይ ይቆጣሉ። ወጣቱ ሊያነሣቸው ሲጎትታቸው «ቆይ! እንዴት እንደወደቅሁ ላስብ!» ይሉታል። ርጥቡ ደረጃ ላይ ተንሸራትተው በጀርባቸው ነበር የሄዱት። ጭንቅላታቸው አልነካም፤ ዳሌያቸው ደህና ነው። የግራ እጃቸው አንጓ ግን አብጧል።

እኔን ሲያዩ «አገጬን ይዤዋለሁ» አሉ። «ጀርባዬም ክብ ነበር። ግራ እጄን ግን ቀድሜ ላክሁት። አንተ ‹አትላኩ› ብለኸኝ ነበር፤ ስህተቱ የኔ ነው።»

ወለምታ ነው ተብሎ ታሰረላቸው። በማግስቱ በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን ይዘው በሰዓታቸው መጡና ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ወደ ላይ አነሡት። «እዩት። እጅ ቀድሞ ሲሄድ ይሄ ይመጣል። ሌላው ሌላው ግን እንዳለ ነው» አሉ። ያንን ታሪክ ዋሄን ድረስ ሄደው ነው የነገሩት፤ ገንዘብ መንዛሪዎቹ እንኳ እኔን ሲያዩ «መዓሊን» ማለት ጀመሩ፣ አስተማሪው ማለታቸው ነው። በወሩ ያ የተከለከለው ተማሪ መጣ። እናቱ ራሳቸው ነበሩ ይዘውት የመጡት፤ እሱን ካስገቡ በኋላ ባለቤቴን ወደ ጎን ወስደው «የሴቶች የለም?» አሏት። አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን አለ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ በሩን ከውስጥ ዘግታ ታሠለጥናቸዋለች፤ እኔ ወርክሾፕ ነኝ፤ እዚያ ምን እንደሚደረግ የምሰማው ስትነግረኝ ብቻ ነው። ከኔ ክፍል ይልቅ የሷ ተማሪ እንደሚበዛ ደጋግማ ነግራኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። እኔ ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ መወዳደሩን ትቼዋለሁ። ከአቡዳቢው አሠልጣኝ ጋር በስልክ እንገናኛለን፤ የማሠለጥንበትን ቪዲዮ እልክለታለሁ፤ እሱ «የቀኝ እግርህ ሰንፏል» ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ደውሎ «ለአራት ቀን ልመጣ ነው፤ በረራ አግኝቻለሁ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስታዬ ቶሎ ወደ ጭንቀት ዞረ። ይሄ ሰው ስንት ሻምፒዮን ያወጣ ነው። እኔ ምን አሳየዋለሁ? ፓስፖርትና ቪዛ እየጎደለ ተማሪዎቼ አንድም ውጭ አገር ሄደው አልተወዳደሩም። የስፖንጅ ማት፣ የአቡጀዲ ልብስ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ።

ባለቤቴ «ያለህን አሳየው» አለችኝ።

የመጣ ዕለት ፀጉሩ ሁሉ ሸብቶ ነበር፤ አንገቱ ግን ያው ነው። ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድን። ዓስር ተሰግዶ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ማቱ ላይ ናቸው። አሠልጣኙ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ዘጠኝ ሽማግሌዎች፣ ጢማቸው ነጭም ቀይም፣ በአንድ ረድፍ ቆመው አዴር «ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ» እያሉ ሲቆጥሩ አንድ ላይ ወደ ኋላ ወደቁ። ክንዶቻቸው ማቱን ሲመቱ ቆርቆሮው አስተጋባ። ከዚያ እየተጓተቱ ተነሡ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ትልቁ ሰባ ስምንት።»

ጫማውን አወለቀ፤ ሸሚዙን እንደለበሰ ገብቶ ከረድፉ መጨረሻ ቆመና አብሯቸው ወደቀ። አዴር አዩትና በአማርኛ «ይሄኛው ደህና ይወድቃል» አሉኝ። ተረጎምኩለት። እስካሁን ከተሰጠው ምስክርነት ሁሉ ይሄ እንደሚበልጥ ነገረኝ፤ ይቀልድ አይቀልድ አላወቅሁም።

ሦስቱን ቀን ወጣቶቹን አሠለጠነ። ተሸካሚው ያኔ ሐምራዊ ቀበቶ ነበር፤ ከአሠልጣኙ ጋር ሲታገል ስድስት ጊዜ ተያዘ፣ ስድስቱንም መታ መታ አደረገ፤ እየሳቀ ነበር የሚነሣው። በመጨረሻው ከሰዓት አሠልጣኙ እኔን ጠራኝ። ሰዎቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ያለ ሰዓት፣ ያለ ዳኛ፣ እሱ ከኔ አሥራ አራት ዓመት የሚበልጥ ሰው፣ እኔ አንድ ጉልበት የጎደለኝ ሰው፣ ተያያዝን። ጥሩ ታገልኩ ብዬ አምናለሁ። አንዴ ጎኑን አልፌ ላዩ ላይ ወጥቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲያጨበጭቡ ሰምቻለሁ። ጭብጨባውን እየሰማሁ ሳለ ግን ክንዴ የኔ አልነበረም። መታ መታ አደረግሁ።

ለቀቀኝና እዚያው ማት ላይ ቁጭ ብለን እያለከለክን ቡናማ ቀበቶዬን ፈታ። ተጠቅልሎ የማቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የነበረ ጨርቅ ውስጥ እጁን ከተተና ጥቁሩን አወጣ። እያሠረልኝ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «ይሄን የማመጣልህ ድሮ ነበር። ለጉልበትህ ስል የዘገየሁ መስሎህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ቦታህን ማየት ፈልጌ ነው።»

አለቀስኩ። ተማሪዎቼ ፊት ማልቀስ አልፈልግም ነበር፤ ግን አለቀስኩ። ባለቤቴ ከበሩ በኩል ስልኳን ይዛ እየቀረጸች ነበር፤ ቪዲዮው ላይ የሚታየው ጀርባዬ ብቻ ነው፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አሠልጣኙን ሸኘሁት። ከአውሮፕላን ጣቢያ ስመለስ ወርክሾፕ ገብቼ የጀመርኩትን አንድ የመጅሊስ መደገፊያ ሰፋሁ፤ ዓስር ሰግጄ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ጥቁሩን ቀበቶ እየተቀባበሉ አዩት፤ መምህሩ ጫፉን አሸት አድርገው የጨርቁን ጥራት መረመሩ።

አዴር «ከዚህ በላይ ሌላ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አዴር። ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

«እንግዲህ ጀምር፤ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስብን» አሉና ረድፋቸውን ያዙ።